ገል ሲናገር፦ አክሱማውያንና የባሕር ማዶ ሸክላ

የአንድ ዕቃ ዋጋ በምን ይታወቃል? የዛሬውን ከነጋዴው እንጠይቃለን። የዛሬ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ አንድ የአክሱም ሰው ከባሕር ማዶ ለመጣለት የሸክላ ዕቃ ምን ያህል ግምት ይሰጥ እንደነበር ግን የሚነግረን ነጋዴ የለም። የቀረልን ገሉ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪዎች (አርኪዮሎጂስቶች) ገሉን እንዴት እንደሚያናግሩት ባጭሩ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ዕቃው የት ተሠራ? የሚል ነው። የሸክላ አፈር የተቆፈረበትን አካባቢ ማዕድናት ይዞ ይቀራል። ስለዚህም ገሉ በጣም በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የትውልድ ስፍራውን ይጠቁማል። በአክሱም፣ እንዲሁም ዛሬ በኤርትራ በሚገኙት በአዱሊስና በመጠራ፣ አምፎራ የተባለ ባለ ሁለት እጀታ፣ ታቹ ሾጠጥ ያለ እንስራ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዮርዳኖስ የአቃባ ወደብ ይኸው እንስራ ይተኮስባቸው የነበሩ ምድጃዎች ተቆፍረው ወጡ። የአቃባ ጥንታዊ ስም አይላ በመሆኑም ዕቃው «የአይላ-አክሱም አምፎራ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በኤርትራ ጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ በተጠና የሰጠመ መርከብ ጭነት ውስጥ ይኸው ዓይነት እንስራ ተገኘ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ዕቃው ምን ተደረገበት? የሚል ነው። አምፎራ የሸቀጥ መያዣ እንጂ ራሱ ሸቀጥ አልነበረም። ሆኖም ባዶው ሁሉ አልተጣለም፤ በመጠራ የሞቱ ሕፃናት ማረፊያ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ዘይት ወይም ወይን ጠጅ ለመያዝ የተሠራ ዕቃ በባዕድ አገር፣ በወላጆች እጅ፣ ሌላ ክብር አገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ዕቃው ተመሳስሎ ተሠርቷልን? የሚል ነው። ከሰሜን አፍሪካ፣ በተለይም ከዛሬይቱ ቱኒዝያ፣ ይመጡ የነበሩ ባለ ቀይ ቅብ ሳህኖች በአክሱም ተገኝተዋል። የአክሱም ሸክላ ሠሪዎች በመሽከርከሪያ አይጠቀሙም ነበር፤ ይሁን እንጂ የእነዚህን ሳህኖች ቅርጽ በእጃቸው አስመስለው ሠርተዋል። ሰው የማይመኘውን ነገር ለማስመሰል አይደክምምና፣ ይህ የተፈላጊነት ጉልህ ምልክት ነው።

ታዲያ አክሱማውያን የውጭ የሆነውን ሁሉ ያደንቁ ነበር እንበልን? ለዚህ መልስ የሚሰጠን በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ነው። መመሪያው ለንጉሡ በአዱሊስ በኩል የሚገቡት የወርቅና የብር ዕቃዎች በአገሩ ሥርዓት የተሠሩ እንደነበሩ ይገልጻል። ሸክላ ሠሪው የውጭውን ቅርጽ ሲከተል፣ የውጭው አንጥረኛም የንጉሡን ምርጫ ይከተል ነበር። ዋጋ የሚሰጠው ተቀባዩ እንጂ ርቀቱ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ገሉ በወደቀበት አፈር ውስጥ በመገኘቱ። ከመቃብር ወጣ ወይስ ከጓዳ? ከየትኛው የአፈር ንብርብር? ከስፍራው የተነሣ ገል የመጣበትን አገር ይናገር ይሆናል፤ ለማን፣ ምን እንደነበረ ግን ከእንግዲህ አይናገርም። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በእርሻ ወይም በግንባታ ቦታ ገል ብታዩ ሳታነሡ ለአካባቢው የባህልና ቅርስ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።