ዕቃው ወደ ቤት ሲመለስ ባለቤቱ እንዳይጠፋ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1916 አመሻሹ ላይ በሰሜን ፈረንሳይ ፍሮሜል በምትባል መንደር አጠገብ የአውስትራሊያ 5ኛ ክፍለ ጦርና የብሪታንያ 61ኛ ክፍለ ጦር የጀርመንን ምሽግ ለመስበር ተነሡ። በማግስቱ ጠዋት ውጊያው ሲያበቃ አውስትራሊያ ብቻዋን 5,533 ሰው ሞቶባት፣ ቆስሎባትና ተማርኮባት ነበር፤ ከእነዚህ ወደ 2,000 የሚጠጉት ሞተዋል። ጀርመኖች በመሥመራቸው ውስጥ የወደቁትን የጠላት ሬሳዎች ሰብስበው ፌዛንት ጫካ ጥግ በቆፈሯቸው ጉድጓዶች ቀበሯቸው። ከመቅበራቸው በፊት ግን አንድ ደግ ሥራ ሠሩ። ከሟቾቹ አንገት መለያቸውን ፈትተው፣ የግል ዕቃቸውን ለቅመው በቀይ መስቀል በኩል ለቤተሰብ እንዲደርስ ላኩት። በዚያ ዘመን ወታደሩ የሚያንጠለጥለው መለያ አንድ ብቻ ነበር። እሱ ወደ ቤት ሲሄድ በጉድጓዱ ውስጥ የሟቹን ስም የሚናገር ነገር አልቀረም። እናት የልጇን ዕቃ ተቀበለች፤ ልጇ ግን ስም አልባ ሬሳ ሆኖ ቀረ።

ይህ የመቶ ዓመት ታሪክ ዛሬ በአውሮፓ ማሳዎች ላይ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚነሣ ጥያቄ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው እርሻና ጫካ የሚያስሱ ሰዎች የአንገት መለያ፣ ሜዳሊያ፣ የኮፍያ ምልክት፣ ስም የተቀረጸበት የሲጋራ መያዣ ያገኛሉ። ብዙዎቹ ያገኙትን አይሸጡም፤ የወታደሩን ዘር ፈልገው ያስረክባሉ። የልጅ ልጅ እያለቀሰች የአያቷን መለያ ስትቀበል የሚያይ ሰው ይህን ሥራ መንቀፍ ይከብደዋል፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ነገር ግን ዕቃ መመለስ በጎ ሥራ የሚሆነው፣ ዕቃው ከተገኘበት ቦታ የሚነገረው ምስክርነት አስቀድሞ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ሳይመዘገብ የተነሣ ዕቃ ቤተሰቡን ለአንድ ቀን ያጽናናል፤ ወታደሩን ግን ለዘለዓለም ሊያጠፋው ይችላል።

ጦር ሠራዊቶች ይህን የተማሩት በሬሳ ብዛት ነው። የብሪታንያ ጦር ከፍሮሜል ውጊያ ሁለት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1916፣ ለእያንዳንዱ ወታደር ሁለት መለያ እንዲሰጥ አዘዘ። ቀዩና ክቡ ለሞት መዝገብ ተፈትቶ ይወሰዳል፤ አረንጓዴውና ባለ ስምንት ማዕዘኑ ከሬሳው ጋር ይቀራል። የጀርመኖቹ ሞላላ የብረት መለያ ደግሞ መሐሉ ላይ በመስመር ስለተበሳሳ፣ ወታደሩ ሲሞት ታችኛው ግማሽ ተሰብሮ ይሄዳል፤ ላይኛው አብሮት ይቀበራል። ሁለቱም ሥርዓቶች የቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። ለቤት የሚላክ ምልክት እንዳለ ሁሉ፣ ከአጥንቱ ፈጽሞ የማይለይ ምልክትም ሊኖር ይገባል። ዛሬ ማሳው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚቆፍረው ሰው በእጁ የሚገባው ብዙ ጊዜ ይኸው ሁለተኛው፣ መነሣት ያልነበረበት ምልክት ነው።

የጀርመኑን መለያ ጠጋ ብለን እንየው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በነበረው መለያ ላይ የወታደሩ ስም የለም፤ የተጻፈው የጦር ክፍሉ፣ ተራ ቁጥሩና የደም ዓይነቱ ነው። ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰው ከ2019 ጀምሮ በጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ሥር የተጠቃለለው የበርሊን መዝገብ ነው። ያልተሰበረ ሙሉ መለያ ከአጥንት ጋር ሲገኝ ብዙ ይናገራል፤ ይህን ሰው ማንም አልቀበረውም፣ መርዶውም ለቤተሰቡ አልተነገረም ማለት ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ አውሮፓ የጦር ሜዳዎች በሌሊት የሚቆፍሩ ሕገ ወጥ ፈላጊዎች መለያውን ነቅለው ለሰብሳቢ ሲሸጡት ግን አጥንቱ እዚያው ይቀራል። መለያው ኋላ በደግ ገዢ እጅ ገብቶ ለቤተሰብ ቢደርስ እንኳ መዝገቡ ስሙን ይነግረናል እንጂ መቃብሩን አያሳየንም። ከ1919 ጀምሮ የጀርመንን የጦር ሙታን የሚንከባከበው ማኅበር ሠራተኞች አንድ ቀን ያንን አጥንት ቢያገኙት «ያልታወቀ ወታደር» ብለው ከመቅበር በቀር ምርጫ የላቸውም።

ፍሮሜል የዚህን ተቃራኒም አሳይታለች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሬሳ ሰብሳቢዎቹ የፌዛንት ጫካን ጉድጓዶች ሳያገኟቸው አለፉ። ላምቢስ ኤንግሌዞስ የተባለ የሜልቦርን መምህር ከዘመናት በኋላ የቀይ መስቀልን ፋይሎች እያገላበጠ፣ ዕቃቸው ከጀርመን ተልኮ መቃብራቸው ያልታወቀ ወታደሮች እንዳሉ አስተዋለ። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ጥያቄውን በጥርጣሬ ተቀበሉት። በ2007 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች በብረት መፈለጊያ ቦታውን ሲያስሱ ሁለት ትናንሽ ሜዳሊያዎች አገኙ። አንደኛው በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ያለችው አልበርተን ወረዳ ለዘማች ልጆቿ የሰጠችው ማስታወሻ ነበር፤ ሌላው የአንዛክን፣ ማለትም የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ጦርን፣ ስም የያዘ የመልካም ዕድል ምልክት። ብቻቸውን ቢታዩ ሁለት የዛገ ብረት ናቸው። ከጀርመን መሥመር ጀርባ፣ ከጉድጓዶቹ አጠገብ፣ በካርታ ላይ ነጥባቸው ተመዝግቦ ሲታዩ ግን አውስትራሊያውያን እዚያ መቀበራቸውን የሚጠቁሙ ምስክሮች ሆኑ። በ2009 ቁፋሮው ሲጠናቀቅ 250 ሬሳዎች ወጡ። በጁላይ 19 ቀን 2010 አዲሱ መካነ መቃብር ተመረቀ፤ በዘረ መል ምርመራ፣ በሰነድና በዕቃዎቹ እየተመሳከረ ከ170 በላይ የሚሆኑት ስማቸውን መልሰው አግኝተዋል።

ከዚያው ጉድጓድ የወጣች አንዲት ነገር የክርክሬን ዋና ነጥብ ትሸከማለች፤ ከፍሪማንትል ወደ ፐርዝ የሚያደርስ የባቡር ትኬት፣ የመመለሻው ግማሽ። ባለቤቱ አገሩ ሲገባ ሊጠቀምባት አስቀምጧት ይሆናል። ወረቀት ስለሆነች የትኛውም የብረት መፈለጊያ በላይዋ ቢያልፍ ድምፅ አያሰማም። አንድ ደግ ሰው ሜዳሊያ ፍለጋ ጉድጓዱን ቀድሞ ቢቆፍረው ኖሮ ትኬቷ በአካፋ ጫፍ ተፈርፍራ በጠፋች ነበር። የብሪታንያ መለያዎችም ቢሆኑ በአብዛኛው ከተጠቀጠቀ ቃጫ የተሠሩ ስለነበሩ አፈር ውስጥ በስብሰዋል። ስለዚህም ሰውን ለመለየት የረዳው ብዙ ጊዜ በማንኪያ እጀታ ወይም በጫማ ላይ የተመታ የወታደር ቁጥር ነው። መሣሪያው የሚያሰማው ድምፅ ከእውነቱ ጥቂቱን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ጠንካራ መቃወሚያ አለ። ማሳ ቤተ መዘክር አይደለም፤ ትራክተር በየዓመቱ ያርሰዋል፣ ማዳበሪያ ብረቱን ይበላዋል። ፈላጊው ዛሬ ካላነሣው ነገ የሚመዘገብም የሚመለስም ነገር አይኖርም። እውነት ነው፤ መልሱም ነገሩን በሁለት መክፈል ነው። በእርሻ አፈር ውስጥ ለብቻው የተገኘ፣ ከአጥንት ጋር ያልተያያዘ ዕቃ ቦታው በትክክል ተመዝግቦ፣ በባለ መሬቱ ፈቃድ ቢነሣና ለዘመድ ቢሰጥ የሚጎዳው የለም። ለምሳሌ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ ወታደሮች የተሰጡት ሜዳሊያዎች ጠርዛቸው ላይ የወታደሩ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና የጦር ክፍል በአብዛኛው ተቀርጾባቸዋል። በእንግሊዝ አገር ሜዳ ላይ ከዘማቹ ወይም ከልጁ ኪስ የወደቀ ሜዳሊያ በመዝገብ ባለቤቱ ይገኛል። ለሟች ቤተሰብ የተሰጠው ትልቁ የነሐስ ሰሌዳ ግን ሞት ሁሉንም እኩል ያደርጋል በሚል ሐሳብ ስም ብቻ ነው የያዘው። ስሙ የተለመደ ከሆነ የተገኘበትን መንደር ሳያውቁ ባለቤቱን ማግኘት ዘበት ነው። እዚህም ቦታው ከዕቃው እኩል ይመዝናል። አጥንት ከታየ፣ ወይም ዕቃዎቹ ተከማችተው ከተገኙ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አካፋው ይቁም፣ ፖሊስ ይጠራ።

ሁለተኛው መቃወሚያ ሕግን ይመለከታል፤ ጥብቅ ክልከላ ደጉን ፈላጊ ወደ ጨለማ ይገፋዋል፣ መንግሥት ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ ቤተሰቦችም እያረጁ ነው ይላሉ። በፈረንሳይ ከ1989 ጀምሮ ታሪካዊ ዕቃ ለመፈለግ የብረት መፈለጊያ መጠቀም የአስተዳደሩን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ በድብቅ የሚቆፍር አልጠፋም። ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ እስማማለሁ። ከዚህ የሚከተለው ግን «ይፈቀድ» ሳይሆን «መመዝገቡ ይቅለል» ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ከ1997 ጀምሮ ፈላጊዎች ያገኙትን በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን መዝግቧል፤ ሰው ሳይቀጣና ሳይዋረድ የሚናገርበት በር ሲያገኝ ይናገራል ማለት ነው። ያው አገር ግን የወደቁ የጦር አውሮፕላኖችን ስብርባሪ ያለ ፈቃድ መቆፈርን በ1986 በወጣ ሕግ ከልክሏል። ሁለቱ አይጋጩም። ጥንቃቄው ለፈላጊው ለራሱም ነው፤ በማርች 2014 በቤልጂየም ኢፕር ከተማ አንድ የመቶ ዓመት ቦምብ ፈንድቶ ሁለት የግንባታ ሠራተኞችን ገድሏል። ስለ መዘግየቱም ቢሆን፣ የፍሮሜል ቤተሰቦች ከ90 ዓመት በላይ ጠብቀው ያገኙት መቃብር፣ በፍጥነት ተልኮላቸው ከነበረው ዕቃ በላይ እርማቸውን እንዲያወጡ እንደረዳቸው አልጠራጠርም።

ነገሩ ለኛም አገር ሩቅ አይደለም። በዓድዋም ሆነ በማይጨው የወደቀው አብዛኛው ዘማች የአንገት መለያ አልነበረውም፤ ስሙ በብረት ላይ አልተጻፈም። መለያ ለሌለው ሰው የወደቀበት ቦታ ብቸኛው ሰነዱ ነው፤ የጥይት ቀለሁ፣ የጎራዴ ስባሪው፣ የመስቀሉ ቁራጭ ከነበሩበት ሲነሡ ሰነዱ ይቀደዳል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በመንገድ ሥራ፣ በግንባታ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። አዋጁ ለንጉሥ ዘውድ ወይም ለጥንት ሐውልት ብቻ የወጣ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ስለዚህ በእጁ የወታደር ማስታወሻ የገባ ሰው ባለቤቱን ፍለጋ ከመሄዱ በፊት ከቦታው ሳይነቃነቅ ሦስት ነገር ያድርግ፤ ፎቶ ያንሳ፣ ነጥቡንና ጥልቀቱን ይጻፍ፣ አጥንት ካየ እጁን ይሰብስብ። ቀሪውን መዝገብ ጠባቂዎቹ ይጨርሱታል። በፍሮሜል ዕቃውን የላኩት ጀርመኖች ክፉ አልነበሩም፤ የሟቹን ስም ከሬሳው ጋር ማስቀረትን ግን ዘነጉት። እኛ ያንን ስሕተት ለመድገም ምክንያት የለንም።