ሞተ የተባለው ኮምፒውተር

ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ የቢሮ ወይም የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል፦ «ማዘርቦርዱ ሄዷል!» የተፈረደበት ዕቃ ከዚያ ወይ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል፣ ወይ በጨርቅ ተጠቅልሎ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ይላካል። ደሴ ደግሞ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ የሚደረስባት ከተማ ናት እንጂ ቅርብ አይደለችም። እዚያ ሲከፈት ታዲያ ማዘርቦርዱም ሃርድ ዲስኩም ደህና ሆነው፣ የሞተው ከኋላ በኩል በአራት ብሎን የታሰረው የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ፓወር ሰፕላይ ይሉታል። ኮምፒውተር ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ለመለወጥ ከማይከብዱት፣ በዋጋም ከማይጎዱት አንዱ ነው። ስለዚህ ዕቃው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ሳጥኑን ማወቅ ይበጃል።

ሥራው ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ወደሚችለው 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ማውረድ ነው። አካሄዱ ግን ዞር ያለ ነው። መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ያቀናውና ጭራሽ ወደ 310 ቮልት ያደርሰዋል፤ ይህንንም ወፈር ባሉ ካፓሲተሮች ውስጥ ያጠራቅመዋል። ቀጥሎ ትራንዚስተሮቹ ያንን ኃይል በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጡ በአንድ ትንሽ ትራንስፎርመር ውስጥ ያሳልፉታል። ትራንስፎርመሩ ትንሽ መሆን የቻለው በዚህ ፍጥነት ነው። በመስመሩ በራሱ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር ብቻ ቢሠራ ኖሮ፣ 300 ዋት የሚሰጥ ሳጥን በርካታ ኪሎ ይመዝን ነበር። በመጨረሻም ቮልቴጆቹ ልካቸውን ሲይዙ በግራጫው ሽቦ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት ለማዘርቦርዱ ይሰጣል። ምልክቱ ካልደረሰው ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን አያስነሳም። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቢቀር እንኳን ሳጥኑ ከጥርጣሬ ነፃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሳጥኑ አይተኛም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ ካወጣ ወዲህ፣ ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ በወይን ጠጁ ሽቦ 5 ቮልት ሌት ተቀን ይፈስሳል። የፊቱን ቁልፍ ስንጫን ለማዘርቦርዱ ጥያቄ ማቅረባችን ነው፤ እሱ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲያገናኝ ሳጥኑ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል።

ደጋው ላይ የሚታየውን አንድ ሕመም የሚያብራራው ይኸው የማይተኛ ክፍል ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጧቷ ያንቀጠቅጣል። ያረጀ ኮምፒውተር በዚያ ሰዓት ሁለቴ ሦስቴ ተጭኖ እምቢ ይልና ፀሐይ ሞቅ ስትል ይነሳል። ምክንያቱ የካፓሲተሮቹ መድረቅ ነው። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዓመታት ሙቀት ይተንናል፤ የቀረው ደግሞ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይከብደዋል። ይህን የለመደ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ጨርሶ ማጥፋት ይተዋል። ይሠራል ደግሞ! የማይተኛው ክፍል ካፓሲተሮቹን ሞቅ አድርጎ ስለሚያቆያቸው ሳጥኑ ወራት ይገፋል። አንድ ሌሊት መብራት ይሄድና ያድራል፤ ጧት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሞቷል። ሰው ሁሉ «መብራቱ አቃጠለው» ይላል። መብራቱ ግን ያደረገው ነገር ቢኖር ቀድሞ የሞተውን መግለጥ ነው።

መብራቱ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። መካነ ሰላም የምትገኝበትን ቦረናን ከጎጃም በሚለየው የአባይ ሸለቆ የሚወርደው ውኃ ታች ጉባ ላይ የሚነዳው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም ከ5000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ለአንድ ኮምፒውተር ግን ወሳኙ የመጨረሻው ትራንስፎርመርና ከእሱ የሚወጣው ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ የቢሮ ኮምፒውተር 100 ዋት እንኳን ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቮልቴጁ ቁልቁል ይወርዳል። አምፖል ቮልቴጅ ሲያንሰው ይደበዝዛል፤ ፓወር ሰፕላይ ግን ያንኑ ዋት ለማቅረብ ስለሚገደድ ቮልቴጁ በቀነሰ ቁጥር ብዙ አምፔር ይስባል፣ በዚያው ልክ ይግላል። ምጣዶቹ ሲነቀሉ ወይም የሄደው መብራት ድንገት ሲመለስ ደግሞ ቮልቴጁ ሽቅብ ሊዘል ይችላል። የክረምቱ መብረቅም አለ፤ ምሰሶው ላይ ባያርፍ እንኳን በአቅራቢያ ሲወርድ ለሽቦው ድርሻውን ያቀብላል።

አየሩም ያግዛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ዴል ለብዙ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮቹ የሚሰጠው የሥራ ከፍታ ገደብ 3048 ሜትር ነው። የለጋምቦ ደጋ ላይ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሰው ወደዚህ መስመር ተጠግቶ እንደሚሠራ ይወቀው። ከዚያ የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ፋኑ ይታፈናል።

ወደ ምርመራው እንግባ። ከሳጥኑ አይጀመርም፤ ከግድግዳው ነው። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር መሞከር የተለመደ ነው፤ ግን ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት በሆነ ሁሉ ስለሚሠራ መብራት መኖሩን እንጂ ጤናውን አይነግርም። ተስተር ካለ ቮልቴጁ ይለካ። ቀጥሎ ዲቫይደሩን ትቶ ገመዱን በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት፣ ከዚያ ገመዱን በስክሪኑ ገመድ መቀየር ነው፤ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ከኋላ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በጽዳት ሰዓት ተነክታ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ደሴ ደርሶ «ምንም የለበትም» ተብሎ የተመለሰ ኮምፒውተር ያለው ሰው ግን አይስቅም።

በአሮጌ ሳጥኖች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫ አለ። ከአሜሪካ በዕርዳታ ወይም በዘመድ በኩል የመጣ ኮምፒውተር 115 ላይ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። በዚያ አቋሙ ሳጥኑ የመጣለትን ቮልቴጅ በእጥፍ ያሳድጋል፤ 220 ሲሰጡት ውስጡ ከ600 ቮልት ያልፋል። ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ ይሸታል፣ ያበቃል። ከውጭ የመጣ ማንኛውም ዕቃ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይታይ።

ሲነኩት የሚነዝር ኬዝ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ፓወር ሰፕላዩ ተበላሸ ብሎ ይቀይርና አዲሱም ይነዝረዋል። የጎደለው የመሬት ሽቦ ነው። ሳጥኑ ረብሻ ለማጣራት የሚጠቀምባቸው ትንንሽ ካፓሲተሮች ፍንጣቂያቸውን ወደ መሬት እንዲልኩ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ቤቱ የመሬት መስመር ከሌለው ወይም ባለ ሦስት እግሩ ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ዲቫይደር ላይ ከተሰካ፣ ፍንጣቂው ኬዙ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዘንድ ነው።

ከግድግዳው ነፃ ከተወጣ የሳጥኑ ተራ ነው። በብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች ጀርባ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍና መብራት አሉ፤ ስትጫን አረንጓዴ ከበራች ሳጥኑ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ወደ ውስጥ ይፈለግ። ይህ በሌለበት አረንጓዴው ሽቦ ያገለግላል። ገመዱ ተነቅሎ፣ የፓወር ሰፕላዩ ሶኬቶች ሁሉ ከማዘርቦርዱና ከቀሩት ዕቃዎች ተለይተው፣ በትልቁ ባለ 24 ፒን ሶኬት ላይ አረንጓዴውና ከጎኑ ያለው ጥቁር በወረቀት ክሊፕ ይገናኛሉ፤ አንድ አሮጌ ሲዲ ማንበቢያ እንደ ሸክም ቢሰካበት ይመረጣል። ከዚያ ገመዱ ይሰካል። ፋኑ ካልዞረ ፍርዱ ያለቀ ያህል ነው። ከዞረ ተስተሩን አምጡ፦ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መሆን አለበት። የሽቦዎቹን ቀለምና ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ አይናቅ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ሊጠየቅ የሚችለው ደብተር ብቻ ነበር።

ይህ ሙከራ የሚያታልልበትም ጊዜ አለ። ሳጥኑ ባዶውን ሲለካ 12 ቮልት ሰጥቶ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲጀምር ወደ 10 ሊወርድ ይችላል። ትልቅ ፋይል ሲከፈት እየጠፋ የሚነሳ ኮምፒውተር ሕመሙ ይህ ሊሆን ይችላል። ዕቃዎቹ ሁሉ ተመልሰው ከተሰኩ በኋላ ፋኑ ለአፍታ ዞሮ ቀጥ ካለ ደግሞ ሳጥኑ አንድ ቦታ ሾርት አይቶ ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ሃርድ ዲስኩንና ሲዲ ማንበቢያውን አንድ በአንድ ነቅሎ መሞከር ነው። የመጨረሻው ዳኛ ሁልጊዜ ደህና መሆኑ የሚታወቅ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ነው።

ሳጥኑን ራሱን ግን አትክፈቱ። ገመዱ ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ያንን 310 ቮልት ለጊዜው ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሰው ለመግደል ይበቃል። ያበጠ ካፓሲተር የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራው የእነሱ ነው።

መቀየሩ ከመመርመሩ ይቀላል። ምንም ሳይነቀል በፊት የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ መፍታት፣ ትልቁን ሶኬት ሽቦውን ሳይሆን መያዣውን ጫን ብሎ መንቀል፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን አለመርሳት። እሷ ሳትሰካ ቀርታ «አዲሱም አይሠራም» ተብሎ የተመለሰ ዕቃ ጥቂት አይደለም። ሲገዙ ደግሞ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «500 ዋት» አይመኑ። ከሥር ባለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልገው በ12 ያባዙት፤ 18 አምፔር ከሆነ 216 ዋት ነው፣ ለተራ የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃል። በእጅ ሲመዘን እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ከሆነም የተጻፈበትን መጠራጠር ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታዬ ልምጣ። አራት ብሎን ፈትቶ ማንኛውንም ሳጥን መተካት የሚቻለው ኮምፒውተሩ ደረጃውን የጠበቀ ሲሆን ነው። ዴል በኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ የነበረውን ባለ 24 ፒን ሶኬት በ7020 ላይ ትቶ የራሱን ባለ 8 ፒን አመጣ፤ ኤችፒም በኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ባለ 6 ፒን አደረገው። ቴክኒካዊ ምክንያት የለውም አልልም፤ 5ቱንና 3.3ቱን ቮልት ማዘርቦርዱ ራሱ ከ12ቱ ስለሚያወጣ ብክነቱ ይቀንሳል። ዴል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ካደረገውም ይሻላል፤ ያኔ ቅርጹ ከደረጃው ጋር አንድ ሆኖ የሽቦው ቅደም ተከተል የተለየ ስለነበር፣ ሌላ ሳጥን የገጠመበት ሰው ማዘርቦርዱን ያቃጥል ነበር። ዛሬ ቢያንስ አይገጥምም። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ፍለጋ ነው። ለወግዲ፣ ለከላላ ወይም ለሳይንት ቢሮ ግን አንድ ኮምፒውተር ለወራት ተዘግቶ የሚቀርበት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

መከላከያውስ? ስታቢላይዘር ቀስ ብሎ የሚወርደውንና የሚወጣውን ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ መብረቅን አይመክትም። ዩፒኤስ የተጀመረውን ጽሑፍ ሴቭ ለማድረግ ጊዜ ይሰጣል፤ ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ግን ብዙ ቢሮዎች ሳይቀይሩት ስለሚተዉት ክብደት ያለው ዲቫይደር ሆኖ ይቀራል። ከሁሉም የሚሻለው ነፃ ነው፦ መብራት ሲሄድ ገመዱን ነቅሎ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ የኔትወርኩንም ገመድ መንቀል።

ስለዚህ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የኮምፒውተር ግዥ ዝርዝር የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ራሙንና ፕሮሰሰሩን ከጻፋችሁ በኋላ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ፓወር ሰፕላዩ ደረጃውን የጠበቀ ባለ 24 ፒን ኤቲኤክስ ይሁን፣ ለየአሥሩ ኮምፒውተርም አንድ መጠባበቂያ አብሮ ይቅረብ።