ስለ ታክሲው ሳይሆን ስለ አኮርዲዮኑ

ዋልያ ከደባርቅ በላይ ካለው ከስሜን ተራራ ውጭ በዱር የትም አይገኝም። ስሙን የወሰደው ዋልያስ ባንድ ግን ከአዲስ አበባ ሒልተን ተነሥቶ አሜሪካ ድረስ ዘልቋል። ስለ አዳዲስ አልበሞች የሚያወራ፣ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሙዚቀኞችን የሚያነጋግር ፖድካስት በአማርኛ እንዴት ቢሠራ ያምራል ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ወዳጆቼ መልሴን ከዚህ ባንድ እጀምራለሁ። ጥሩ ጥያቄና ደካማ ጥያቄ የሚለዩበት ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዋልያዎቹ በ1977 «ጨ በለው» የተሰኘውን አልበም አወጡ። ብዙውን ሥራ የሚሠሩት መሣሪያዎቹ ናቸው፤ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት»ም የሚገኘው እዚህ አልበም ላይ ነው። ጊዜው የሰዓት እላፊ ጊዜ ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ ወደ ቤት መሄድ ስለማይቻል ታዳሚው እዚያው ያድራል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ የባንዱን አባል የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ስሙት። አለመቸኮሉ፣ አንዷን ሐረግ እየመላለሰ ማጣጣሙ፣ ሌሊት ሙሉ መጫወት ከለመደ ሰው እጅ የወጣ እንደሆነ ይሰማኛል። አልበምን መወያየት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ «ደስ ይላል፣ አሪፍ ነው» ከማለት አልፎ ድምፁ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ መፈለግ።

ባንዱ በ1981 አሜሪካን ዞረ። ከዚያ ከፊሎቹ ወደ ሀገር ቤት ሲመለሱ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን አንድ ላይ አድርጎ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። ካሴቱ ሀገር ቤት ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ከዚያ ተረሳ። ኃይሉም ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ዓመታት አሳለፈ። ይህን ካሴት ከብዙ ዘመን በኋላ ባሕር ዳር ላይ ያገኘው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በኩል በ2013 እንደገና አወጣው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አሳተመ።

እንግዲህ የውጭ ጋዜጠኞች ስለ እርሱ ሲጽፉ አብዛኞቹ የሚይዙት ታክሲውን ነው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው እያወጣ ይለማመድ ነበር የሚለው ታሪክ ልብ ይነካል፣ እውነትም ነው። ሙዚቃውን ግን አይገልጥልንም። እኔ ማይክሮፎኑን ብይዝ የምጠይቀው ስለ አኮርዲዮኑ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። የእኛ አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ከ«ዶ» ብንነሣ ሜጀሩ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ከእነዚህ «ሚ»ንና «ላ»ን ግማሽ ግማሽ ዝቅ ስናደርጋቸው ያ ሆድ የሚያባባው ሌላው ትዝታ ይመጣል። ማሲንቆ ተጫዋች በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር ላይ ጣቱን እያንሸራተተ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ መንካት ይችላል። አኮርዲዮን ይህ የለውም። ቁልፉ ከፋብሪካ ሲወጣ በተቃኘበት ድምፅ ይቀራል፣ አይንሸራተትም። ታዲያ ኃይሉ የማሲንቆውንና የድምፃዊውን እንጉርጉሮ በዚያ ግትር መሣሪያ እንዴት አመጣው? ዋናውን ድምፅ ከመምታቱ በፊት አጠገቡ ያሉትን ፈጠን ብሎ እየነካካ ያልፋል፣ ሳንባውን እየሳበና እየገፋ ድምፁን ያሳብጣል፣ ያከሳል። አድማጭ ይህን አንዴ ካስተዋለ በኋላ አልበሙን እንደ ድሮው አይሰማውም። ደግሞ ፖድካስት ከመጽሔት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ድምፁ ብቻ ከማውራት ይልቅ አሥር ሰከንድ አጫውቶ፣ አቁሞ፣ «አሁን ይህችን ስሙልኝ» ማለት ይቻላል።

በዚህ መንገድ የሄደ አንድ የታወቀ ፕሮግራም አለ። ሪሺኬሽ ሂርዌይ በ2014 የጀመረው «ሶንግ ኤክስፕሎደር» በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛል። ሙዚቀኛው ዘፈኑን ይፈታታል፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ ያሰማል። አዘጋጁ የራሱን ጥያቄዎች በአርትዖት ያወጣቸዋል፤ እንግዳው ብቻ ይሰማል። ከእኛ ሰዎች ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ድምፃዊት መክሊት ሀደሮ «ሙቭመንት» በተባለው ፖድካስቷ ከሀገር ሀገር የተሰደዱ ሙዚቀኞችን ታነጋግራለች። ራሷ ዘፋኝ በመሆኗ ጥያቄዋ ወደ ሥራው ጠጋ ይላል። ሀገር ቤት በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» የረጅም ቃለ ምልልስን ጥበብ አስተምሮናል፤ እንግዳ ሲናገር አለማቋረጥን እኔ ከዚያ ነው የተማርኩት። የእርሷ መንገድ የሕይወት ታሪክ ነው። እኛ የሚጎድለን የዘፈን ታሪክ ነው፤ ግጥሙ መቼ መጣ፣ ዜማው ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ አቀናባሪው ምን ጨመረ፣ ምን አወጣ።

ገንዘቡንም መጠየቅ አለብን። ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ ማለት ወጪውንም ኪሳራውንም የሚሸከም ሰው ነውና፣ ማን ከፈለ የሚለውን ሳያነሡ ስለ አልበሙ አወራሁ ማለት አይቻልም። ዐምሃ እሸቴ በ1969 «ዐምሃ ሪከርድስ»ን ሲከፍት ገና ወጣት ነበር። ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት በነበረበት ጊዜ ከዓለማየሁ እሸቴ ሥራ ጀምሮ በራሱ ገንዘብ ማሳተም ቀጠለ። ስደት እስከወጣበት እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል አልበሞች አወጣ። ዛሬ ዓለም «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፍራንሲስ ፋልሴቶ ተከታታይ አልበም ከሚያውቀው ሙዚቃ ብዙው መነሻው ይህ ድፍረት ነው።

ወደ እኛው ጎንደር የሚያደርስ ምሳሌም አለ። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ ላይ ሲያድሩና ሲለምኑ አይተው አዘኑ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ግን ነበራቸው። በ1967 ጀርመን ሀገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለበጎ አድራጎት ዋለ። እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ሱቨኒርስ» በደርግ ዘመን በቤታቸው በካሴት የቀዱት፣ በፒያኖ ብቻ ሳይሆን በገዛ ድምፃቸው የሚያዜሙበት አልበም ነው። ፖድካስቱ ቢጀመር የመጀመሪያውን ክፍል ለዚህ አልበም እሰጠው ነበር። ስቱዲዮ የለም፣ አሳታሚ የለም፣ አንዲት መነኩሲት፣ ፒያኖና ቴፕ ብቻ። ለሙዚቀኛ ጓደኞቻችን ሁሉ የሚሆን ትምህርት አለበት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያጓጓኝ ልምጣ። ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ የለብንም። አዝማሪው አሳታሚ የለውም፣ ደመወዝ የለውም፤ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ሽልማት ይኖራል። ጎንደር ዙሪያ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍባቸው ቀዬዎች አሉ። ጎንደር ተወልዳ ከፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አልበሞች የሠራችው እቴነሽ ዋሴ የወጣችው ከዚሁ ባህል ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴም ስለ ጎንደር አዝማሪ ልጆችና ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እያዜሙ ስለሚመርቁት ላሊበሎች ፊልሞችን ሠርቷል። በሩቅ ያለ ሰው ይህን ያህል ካደከመው እኛ ደባት ሆነን ጎንደር የማንሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

አዝማሪን እንደ ከተማ አርቲስት ፊት ለፊት አስቀምጦ «መቼ ጀመርክ?» ማለት ግን ጥሩ አይሆንም። እርሱ የለመደው ጭውውት ሌላ ነው። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ቀጥሎ ከራሱ ይጨምርበታል። ስለዚህ ጠያቂው ስንኝ ይዞ ይሂድ። መጀመሪያ ይወርውር፣ ከዚያ «አሁን ያልከውን ሁለተኛውን ስንኝ ከየት አመጣኸው? ቀድሞ ነበረህ ወይስ አሁን መጣልህ?» ብሎ ይጠይቅ። በሙያው የከረመ ሰው ብዙ የተሰናዳ ቤት መምቻ ይይዛል፤ የትኛው የተሰናዳ፣ የትኛው ትኩስ እንደሆነ ሲያብራራ መስማት ስለ ፈጠራ ከተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ይልቃል ብዬ አምናለሁ። ሽማግሌ ከሆኑ ደግሞ «እርስዎ» እና «አባባ» ይባላሉ፤ ማይክ ስለተያዘ ጨዋነት አይቀርም።

ፈቃዱ ከቀረጻው በፊት ይሁን። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኙም መብት ይሰጠዋል፤ አዝማሪ ስለሆነ ሥራው የማንም አይደለም ማለት አይሠራም። ለጊዜው መክፈልም ተገቢ ነው። ያቺ ሰዓት ሠርግ ወይም መሸታ ቤት ሽልማት የሚያገኝባት ነበረች።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ልበል፣ ስለምትጠይቁኝ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ነፋሷ ብርቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ ጣራ ሥር መቅዳት ዝናቡን መቅዳት ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን በረራ ሞድ ላይ አድርጎ ከማሲንቆው አንድ ክንድ ያህል አርቆ ማስቀመጥ ብዙ ችግር ይፈታል። በጣም ከቀረበ የደጋኑ መፋተግ ዜማውን ይውጠዋል። ዋሽንት ሲሆን ደግሞ ትንፋሹ ስልኩን እንዳይመታው ወደ ጎን ፈቀቅ ማድረግ ነው። ስሜን ተራራ ውስጥ ካለው ከቸነክ በቧሂት በኩል ወደ አምቢኮ የሚወርዱ በቅሎ ነጂዎች ሲያንጎራጉሩ መቅዳት የፈለገ ሰው ማይኩን በስፖንጅ ይጠቅልል፤ ያ መተላለፊያ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ አይለቅም።

የሚደመጥበትስ መንገድ? ኔትወርክ ሲቆራረጥ በቀጥታ ማስደመጥ አይታሰብም። ግን ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚሞሉ ሱቆች በየከተማው አሉ፤ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍል በዝቅተኛ ጥራት ተጨምቆ ከዘፈኖቹ ጋር ሚሞሪ ላይ ቢጫን፣ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ቢዞር፣ ደባት ገበያ የመጣ ገበሬ ወደ ቀዬው ይዞት ይገባል። ለዚህም ክፍሉ መጀመሪያ ላይ የሙዚቀኛው ስም፣ የአልበሙ ስምና ሥራው የሚገዛበት ቦታ በድምፅ መነገር አለበት። ፋይሉ ሲዞር ጽሑፉ ይጠፋል፣ ድምፁ ግን አብሮ ይሄዳል።

ለሁለተኛው ክፍል ሮፍናን በ2018 ያወጣውን «ነጸብራቅ»ን አስቤያለሁ። የሀገር ቤት ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ሲያዋህድ ቅኝቱን የት እንደጠበቀ፣ የት እንደለቀቀ አንድ የጎንደር ማሲንቆ ተጫዋች አጠገባችን ተቀምጦ አልበሙን እየሰማ ቢነግረን እፈልጋለሁ። ክራር ያላችሁ ክራራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቅኝቶቹን በድምፅ ማሳየት ይኖርብናል።