መልክን የመለወጥ ጥበብ፤ ስለ ተዋናይት ሩት ነጋ

በአንኮበር ሥር የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከሐረርና ከታጁራ በኩል የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ነበረች። በእንዲህ ያለ ገበያ የሌላውን ሰው ቋንቋና ልማድ ያጠና ነጋዴ ይጠቀማል። የሲኒማ ተዋናይም ሥራ እንደዚሁ ነው፤ የሌላውን ሰው አነጋገር፥ አካሄድና ሐሳብ ሳይማር ያን ሰው መስሎ ሊታይ አይችልም። ለዚህም ሩት ነጋ መልካም ምሳሌ ናቸው።

ሩት ነጋ ከኢትዮጵያዊ ሐኪምና ከአየርላንዳዊት አስታማሚ በአዲስ አበባ ተወለዱ። በአራት ዓመታቸው ወደ አየርላንድ ሄዱ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉም አባታቸው በመኪና አደጋ ስለ ሞቱ እናታቸው አሳደጓቸው። ከዚያም በደብሊን ከተማ በትሪኒቲ ኮሌጅ የተዋናይነትን ሙያ ተማሩ።

በ2011 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ድምፀ ብርቱዋን ዘፋኝ ሸርሊ ባሴይን ሆነው ታዩ። በ2016 ደግሞ «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ሚልድሬድ ላቪንግን ሆነው ሠሩ። እኒህ ጥቁር ሴት ነጭ ሰው በማግባታቸው በ1958 በቨርጂንያ ከባላቸው ጋራ ተይዘው ነበር፤ የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1967 እንዲህ ያለውን ጋብቻ የሚከለክለውን ሕግ ሻረው። ሚልድሬድ ዐይነ አፋርና ንግግራቸው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ተዋናይቱ አብዛኛውን ነገር በአስተያየታቸውና በዝምታቸው ገለጡት። ጮኾ ማልቀስ ለብዙዎች ይቀላል፤ ዝም ብሎ ኀዘንን ማሳየት ግን የበሰለ ጥበብ ይጠይቃል። በዚህም ሥራ በ2017 ለኦስካር ሽልማት ከታጩት አምስት ተዋናዮች አንዲቱ ሆኑ።

በቴያትርም ቢሆን፥ በ2010 በለንደን በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ ኦፊልያን ሆነው ተጫወቱ፤ በ2018 በደብሊን ልዑል ሐምሌትን ራሱን ሆኑ። በአገራችን ቴያትር በተጀመረ ጊዜ ሴት መስለው የሚጫወቱ ወንዶች ነበሩ፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ሴቲቱ ልዑል ሆነች። በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ጥቁርነቷን ሰውራ እንደ ነጭ የምትኖረውን ሴት ሲያሳዩ፥ ፊታቸው እየሣቀ ልባቸው ሲፈራ ተመልካቹ ያስተውላል።

እንግዲህ ልጃቸው ወደዚህ ሙያ ያዘነበለችባቸው ወላጆች ሥራውን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብለው አይናቁት፤ አስቀድማ እንድትማር ግን ይርዷት። መልክን በቀለምና በልብስ መለወጥ ለማንም ይቻላል፤ የሌላውን ሰው ልብ ማወቅ ግን በትዕግሥትና በትምህርት የሚገኝ ነው።