የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ዳሌ ሲሰበር

በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍላችን ከፊት የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። አንድ ሳምንት ሙሉ ቀሩብን። ቤታቸው ሄደን ብንጠይቅ ለካ ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ደጃፍ ላይ ወድቀው ኖሯል። ቀኝ እግራቸው አጥሮ፣ ጣቱ ወደ ውጭ ዞሮ ተኝተዋል። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቷቸዋል። ልጆቻቸው ይከራከራሉ። አንዱ «በሬውን ሽጠን ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» ይላል። ሌላው «በዚህ ዕድሜ ቢላዋ ከሚነካቸው ቤታቸው ይረፉ» ይላል።

ይህ ክርክር በብዙ ቤት ያለ ነውና እስቲ ነገሩን እንመርምረው።

የጭን አጥንት ከላይ ክብ ራስ አለው። ይህ ራስ ልክ እንደ ዘነዘና ጫፍ በዳሌው ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። ከራሱ ሥር ቀጠን ያለ አንገት አለ። ሰው ሲያረጅ፣ በተለይም ሴት የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ፣ አጥንት ምስጥ እንደ በላው እንጨት ይሳሳል። ያን ጊዜ አደናቅፎ መውደቅ ብቻ ይሰብረዋል።

ወጌሻ ክንድ ሲጠግን አላየንም ወይ? አይተናል። ዳሌ ግን ሥጋ ውስጥ የጠለቀ ነው፤ ከውጭ ቢያስሩት አይያዝም። ማሸቱና መጎተቱማ ያብሰዋል። ካልተሠራ ለሳምንታት በጀርባ መተኛት ይመጣል። ሽማግሌን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ስብራቱ ሳይሆን ይህ መተኛት ነው። የሳንባ ምች ይይዛል፣ ደም በእግር ሥር ውስጥ ይረጋል፣ ጀርባ ይቆስላል።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት እንደ ስብራቱ ቦታ ይለያያል። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ወደ ክቡ ራስ የሚሄደው ደም የሚያልፈው በአንገቱ በኩል ነው። የመስኖ ቦይ ከላይ ቢናድ ከታች ያለው እርሻ ይደርቃል። አንገቱ ተሰብሮ ከቦታው ከተንሸራተተም ራሱ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። በብሎን ቢያያይዙት ላይገጥም ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በሽማግሌ ላይ ራሱን አውጥቶ የብረት ራስ ይተካል። ይህ ግማሽ መተካት ነው። ሙቀጫውም አብሮ ከተተካ ሙሉ መተካት ይባላል። ሙሉውን እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ አገር ያስለመዱት ሐኪም ጆን ቻርንሌይ ናቸው። ሙሉው የሚመረጠው ከመሰበራቸው በፊት በደንብ ይሄዱ ለነበሩና ሰውነታቸው ለሚችል ነው። ሥራው ይረዝማል፣ ዋጋውም ይበልጣል፣ የመውለቅ አደጋውም ከፍ ይላል።

አንገቱ ተሰንጥቆ ካልተነቃነቀ ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት ብሎኖች ማያያዝ ይበቃል።

ስብራቱ ከአንገቱ በታች ከሆነ ደሙ ስለማይቋረጥ ራሱ ይተርፋል። ብሎን ወደ ራሱ ይገባና ከጠፍጣፋ ብረት ጋር ይታሰራል፤ ወይም በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የብረት ዘንግ ይገባል። ስብራቱ የት እንደሆነ የሚለየው ራጅ ነው።

ሆስፒታል ከደረሱ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ቢሠራ ይመከራል። በአገራችን ግን የአጥንት ሐኪም በየወረዳው የለም፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ቢዘገይም አይቅር። ቀዶ ሕክምናም የራሱ አደጋ አለው፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ልብ ሊደክም ይችላል። ይህን መደበቅ አይገባም። የጤና መድኅን ደብተር ያለው ይዞ ይሂድ፤ የብረቱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ግን ቀድሞ ይጠይቅ።

ስትወስዷቸው የተሰበረውን እግር ከደህናው ጋር፣ መካከሉ ጨርቅ አድርጋችሁ እሰሩ። በቃሬዛ ተሸከሙ እንጂ በበቅሎ አታስቀምጡ።

የኛ እናት የሄዱት በ11ኛው ቀን ነው። ጎረቤቱ እስከ መኪናው መንገድ ተራ በተራ ተሸከማቸው። ግማሽ መተካት ተደረገላቸው። በማግስቱ ነርሷ አስነስታ ስታቆማቸው «ምን ዓይነት ጨካኝ ልጅ ናት!» ብለው ነበር። ቶሎ መቆሙ ግን ሳንባቸውን ጠበቀላቸው። ቤት ሲመለሱ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በርጩማና ቁጢጥ ማለት ተከለከሉ፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥ የብረቱን ራስ ሊያወልቀው ይችላልና። ልጆቻቸው መደቡን ከፍ አደረጉ፤ ለመጸዳጃም መካከሉ ክፍት የሆነ ወንበር ከእንጨት ሠሩ። በሬው ተሽጧል፤ ዘንድሮ የሚያርሱት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ነው።

አሁን በምርኩዝ ክፍል ይመጣሉ። ወንበራቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ሌላውን እንዳይከልሉ ከኋላ ይቀመጣሉ።