ባሕር ዳር ያለ ገደልና የእንግዳው ደንብ

ባገራችን «ገደል» ሲባል ቶሎ ወደ አሳብ የሚመጣው ጥፋት ነው። ሰው ልጁን «ወደ ገደሉ አትቅረብ» እያለ ያሳድጋል እንጂ ገንዘቡን ከፍሎ፤ ባሕር ተሻግሮ ገደል ፍለጋ አይሄድም። ዳሩ ግን ገደል መውጣት ዛሬ የታወቀ ስፖርት ሆኗል፤ በ2021 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታም ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ሜዳልያ ተሰጥቶበታል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

እኛም ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ዕረፍት አግኝተን ከሦስት ባልንጀሮች ጋር ወደ ግሪክ አገር፤ ካሊምኖስ ወደምትባለው ደሴት ሄደን ነበር። የሄድነው ገደል መውጣት ለመማር ነው፤ ይዘን የተመለስነው ግን ስለ እንግድነት የሚነገር ትምህርት ጭምር ነው።

ካሊምኖስ በኤጅያን ባሕር፤ ከኮስ ደሴት አጠገብ፤ ከቱርክ ጠረፍም ብዙ ሳትርቅ ትገኛለች። መሬትዋ ድንጋያማ ነው፤ ውሃዋም ጥቂት ነው። ሕዝቧ ለብዙ ዘመን ሲተዳደር የኖረው ከባሕር ወለል ስፖንጅ እየለቀመ በመሸጥ ነበር። ይህም ሥራ ነፍስ የሚያስከፍል ነበር፤ ይልቁንም በ19ኛው መቶ ዓመት የጠላቂ ልብስ ከመጣ በኋላ ሠራተኞቹ በጥልቁ ውስጥ ብዙ ቈይተው ፈጥነው ስለሚወጡ አያሌዎቹ ሞተዋል፤ አያሌዎቹም ሽባ ሆነው ቀርተዋል። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በምሥራቅ ሜዲቴራኒያን ስፖንጁን በሽታ ስለ መታው ይህም እንጀራ ተጓደለ።

ከዚያ በ1996 አንድሬያ ዲ ባሪ የተባለ ኢጣልያዊ ለዕረፍት መጥቶ የኖራ ድንጋዩን ገደል ተመለከተ፤ በማግሥቱም ዓመት ተመልሶ የመጀመሪያዎቹን መውጫዎች ከፈተ። ዛሬ የመውጫዎቹ ቍጥር ከ3 ሺህ በላይ ሲሆን፤ ማሱሪን በመሰሉ መንደሮች ያሉት ማደሪያዎችና ምግብ ቤቶች በጸደይና በመከር በገደል ወጪዎች ይሞላሉ። ስለዚህ ለኛ መጫወቻ የሆነው ድንጋይ ለአገሬው ሰው መተዳደሪያው ነው።

የአወጣጡን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። ወጪው ወደ ላይ የሚሄደው በእጁና በእግሩ ብቻ ነው፤ ገመዱ የሚያገለግለው ሲወድቅ ለማዳን ነው። መንገዱን አስቀድሞ ያዘጋጀው ሰው ድንጋዩን በመሰርሰሪያ እየበሳ፤ ከታች እስከ ላይ በየርቀቱ ቡሎን ተክሎበታል። ወጪው ቡሎኑ ዘንድ በደረሰ ቍጥር ገመዱን በማያያዣ ቀለበት ያስገባዋል፤ ታች የቆመው ባልደረባውም ገመዱን ይጠብቅለታል።

ይህን ስናይ ደብረ ዳሞ ትዝ አለን። ወደዚያ ገዳም የሚወጣ ወንድ ሁሉ ከላይ በሚለቀቅ ጠፍር ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ነገር ግን ከላይ የሚረዳው ሰው ማን እንደ ሆነ ሲደርስ ያየዋል፤ አመስግኖትም ይገባል። በካሊምኖስ ግን ነፍሳችንን ያንጠለጠልንበትን ቡሎን የተከለውን ሰው አላየነውም። ይህን ሥራ ከሚሠሩት ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው፤ ከራሳቸውም ኪስ እያወጡ እንደሚሠሩት የታወቀ ነው። ያላየኸውን ሰው ማመስገን የሚቻለው ሥራውን በመጠበቅ ብቻ ነው።

ቡሎኑም ቢሆን ለዘለዓለም አይኖርም። የባሕር ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨውም ብረት ይበላል። ተራ ብረት ሲዝግ በዓይን ይታያል፤ «የማይዝግ» የሚባለው ብረት ግን በባሕር አጠገብ ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። በታይላንድ አገር፤ ራይሌ በሚባለው የባሕር ዳር ገደል እንዲህ ያሉ ቡሎኖች ጥቂት ዓመታት ብቻ ቈይተው እየተሰበሩ ስላስቸገሩ በቲታኒየም መተካት ግድ ሆኗል። እንግዲህ የሚንቀሳቀስ ወይም የዛገ ቡሎን ያየ እንግዳ አይቶ ዝም ማለት የለበትም፤ ወርዶ የመውጫዎቹን መጽሐፍ ለሚያዘጋጁት ወይም ለመሣሪያ ሻጮቹ መንገር ይገባዋል፤ ካልተማረ ግን በራሱ እጅ አይነካካው። በጫፉ ላይ ያለውንም ቀለበት ገመድ እየፈተገ ስለሚጨርሰው፤ ብዙ ሆነው ተራ በተራ የሚለማመዱ ሰዎች በገዛ መሣሪያቸው ቢያንጠለጥሉና በቋሚው ቀለበት የመጨረሻው ሰው ብቻ ቢወርድበት ዕድሜው ይረዝማል። የደሴቲቱን የመውጫ መጽሐፍ መግዛትና ለቡሎን መተኪያ ጥቂት ገንዘብ ማዋጣትም እንደ ዕዳ የሚቈጠር ነው።

አሁን ደግሞ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ወደ ገደሎቹ የሚወስዱት አንዳንድ መንገዶች በፍየል ግጦሽ መካከል ያልፋሉ፤ በየቦታውም በሽቦ የሚታሰር በር አለ። በሁለተኛው ቀን ለመድረስ ቸኩለን በሩን ገርበብ አድርገን ሄድን። ማታ ስንመለስ ፍየሎቹ ወጥተው የአንዲት አሮጊት አትክልት ውስጥ ገብተው አገኘናቸው። አሮጊቲቱ አልጮኹብንም። ሽቦውን በእጃቸው ይዘው አንድ ነገር ተናገሩ፤ አብሮን የነበረው የአገሩ ልጅም አፍሮ ተረጐመልን፤ «እዚያ ገደል ላይ ቋጠሮ መቋጠር ታውቃላችሁ፤ የኔን በር መቋጠር እንዴት አቃታችሁ?» ነው ያሉት። የምንመልሰው ቃል አላገኘንም። ፍየሎቹን ስንሰበስብ ጨለመብን።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓይናችን ሌላም ነገር ማየት ጀመረ። ግራንዴ ግሮታ በሚባለው ትልቅ ዋሻ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የድንጋይ ቅርጾች ውሃ ጠብ እያለ በብዙ ሺህ ዓመት የሠራቸው ናቸው፤ አንዱ ቢሰበር መጠገኛ የለውም። ወጪዎች እጃቸው እንዳይንሸራተት የሚቀቡት ነጭ ዱቄት ድንጋዩን ያዥጐረጕረዋልና ሲወርዱ በብሩሽ መጥረግ ደግ ነው። ከዋሻው ጥግ የሚጣል ወረቀትና የሰው እዳሪ ዝናብ በማይበዛበት ደሴት ቶሎ አይጠፋም፤ ስለዚህ ከመንደር ሳይወጡ መጸዳዳት፤ ቆሻሻንም በከረጢት ይዞ መመለስ ይገባል። የኤሌዎኖራ ጭልፊት የሚባለውም ወፍ ከማዳጋስካር ተነሥቶ፤ የአፍሪካን ሰማይ አቋርጦ፤ በኤጅያን ደሴቶች ገደል ላይ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ ጎጆ ያለበትን ገደል በዚያ ወራት መተው ግዴታ ነው።

ራስን መጠበቅም ለባለ አገሩ ከማሰብ የሚቈጠር ነው። በረጅም መውጫ ላይ ገመዱ አጥሮ ጫፉ ከጠባቂው እጅ ሲያመልጥ ሰው ይወድቃል፤ ይህን የሚከለክለው ግን በገመዱ ጫፍ ላይ የሚታሰር አንድ ቋጠሮ ነው። ያንን ቋጠሮ የረሳ ሰው ቢቈስል፤ ከገደል ሥር ተሸክመው የሚያወርዱት ሰዎች ለነፍሳቸው እየፈሩ ነው።

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፤ በሁለተኛው ብር፤ በሦስተኛው ብረት ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ተማሪም ሆንን ወጣት ሠራተኛ፤ ወደ ባሕር ማዶም ሆነ ወደ ገዛ አገራችን ገጠር ስንሄድ፤ እንግድነታችን ቶሎ የሚዝገው በታላቅ በደል አይደለም፤ ባልተዘጋ በርና በተጣለ ወረቀት ነው።

በመጨረሻው ቀን ስንመለስ የአሮጊቲቱን በር ሽቦ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘን አሰርነው። እሳቸውም ከደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይመለከቱን ነበር፤ ስናልፍ እጃቸውን አነሡልን።