ሄንሪ ዳንዳስ
ሄንሪ ዳንዳስ (28 ኤፕሪል 1742 – 28 ሜይ 1811 እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ ጠበቃና የብሪታንያ ፖለቲከኛ ነበረ። (ዘመኖቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኤድንብራ ተወልዶ በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በ1774 የፓርላማ አባል፣ በ1775 የስኮትላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በስኮትላንድ ሹመት የሚገኘው በአብዛኛው በእርሱ በኩል ስለ ነበር «ዘውድ ያልደፋው የስኮትላንድ ንጉሥ» ተባለ። በዊልያም ፒት ታናሹ መንግሥት ከ1791 እስከ 1794 የአገር ውስጥ ጉዳይ፣ ከዚያም እስከ 1801 የጦር ሚኒስትር ነበረ።

ስሙ ዛሬም የሚያከራክረው በባርነት ጉዳይ ነው። ከአፍሪካ በባርነት የተወሰደው ጆሴፍ ናይት ነጻነቱን ለማግኘት ጌታውን በስኮትላንድ ፍርድ ቤት ሲሟገት ዳንዳስ ለናይት ቆሞ ተከራከረ፤ በ1778ም ናይት ረታ። በ1792 ግን ዊልያም ዊልበርፎርስ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ለፓርላማ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ዳንዳስ «ቀስ በቀስ» የሚል ቃል አስጨመረበት። ንግዱ በሕግ የተከለከለው በ1807 ነው። አንዳንድ የታሪክ ጸሓፊዎች ለመዘግየቱ ዳንዳስን ይወቅሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ያ ቃል ባይጨመር ሐሳቡ ጨርሶ ይወድቅ ነበር ይላሉ።

በ1802 የሜልቪል ቫይካውንት ተብሎ ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1804 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነ። ቀድሞ የባሕር ኃይል ገንዘብ ያዥ ሳለ የመንግሥት ገንዘብ ያላግባብ እንዲሠራበት አድርጓል በሚል በ1805 ከሥልጣን ወረደ። በ1806 የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ከሶት በሎርዶች ምክር ቤት ፊት ቀረበ፤ ከክሶቹም ሁሉ ነጻ ወጣ። በብሪታንያ ባለ ሥልጣን በዚህ ዓይነት ክስ ሲዳኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ሐውልቱ በኤድንብራ በቅዱስ እንድርያስ አደባባይ በረጅም ዓምድ ላይ ቆሟል።